በማን መኪና ሞተ

ጠሃ ላንድሮቨሩን የሚያስነሳው በቢስሚላህና በስድብ ነበር። ቢስሚላሁ ለአላህ፣ ስድቡ ለሞተሩ። ቁልፉ መሥራት ካቆመ ዘመናት አልፈዋል። ማኖቬላ የሚሏትን ቆልማማ የማስነሻ ብረት ከመኪናው አፍንጫ ሥር ይሰካና በሁለት እጁ ያሽከረክራታል፤ መኪናው ያስነጥሳል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ከዚያ እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ይጀምራል። በአምባሰል ተራራ ግርጌ ያን ድምፅ የማያውቅ የለም። ገበያተኛው ገና ከሩቅ ሲሰማው አህያውን ወደ ዳር ይነዳል፤ ሕመምተኛ ያለበት ቤት በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ስሙንም «ሽማግሌው» ብለውታል።

የሀገሩ ሙሽራ ሁሉ የሄደችው በሽማግሌው ነው። ዋሲላም ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ከእናቷ ቤት ወደ አምባሰል የመጣችው በዚሁ መኪና ነበር። ባሏ ሙሀይሚን የጠሃ አንድያ ልጅ ነው። ያን ቀን ኮረኮንቹ ባነጠራቸው ቁጥር አናቷ ከጣራው እንዳይጋጭ መዳፉን ከራሷ በላይ እንደ ዘረጋ ነው የደረሱት፤ ሲወርዱ የእጁ ጀርባ ቆዳ ተገሽልጦ ነበር። «መኪናው ጥሎሹን ተቀበለ» ብሎ አሳቃት። ዋሲላ ባሏን የወደደችው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው።

ነጯ መኪና የመጣችው ደግሞ ኡሙሰልማ የተዳረች ዕለት ነው። ኡሙሰልማ የባድሩ ወንድም ልጅ ናት። ባድሩ በውጫሌ እህል ነግዶ የከበረ፣ ከጠሃ ጋር ለዘመናት እሳት የተጫጫረ ጎረቤት ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ከፍ ያለች፣ መስታወቷ የጠቆረ፣ መቀመጫዋ ገና ላስቲክ የለበሰ ነጭ መኪና ገዝቶ ተመለሰ። የሚነዳለት ልጁ እንድሪስ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ክላሹን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከመኪናዋ ሲወርድ ሴቶቹ እልል አሉ።

ጠሃ ሽማግሌውን በአበባና በሻሽ አስጊጦ ከሰርጉ ቤት በራፍ አቁሞታል። ባድሩ ወደ እሱ መጣና ትከሻውን አቀፈው።

«አያ ጠሃ፣ ዛሬስ ሽማግሌውን ያሳርፉት። ልጃችን በነጯ ትሂድ።»

«በዚች?» አለ ጠሃ። «ይህች እኮ ስትመጣም አትሰማ፣ ስትሄድም አትሰማ። ኮቴውን የሚያጠፋ ሌባ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ባድሩም ሳቀ።

«ገብተው ይዩዋታ! ክረምትና በጋውን በጣት ነው የሚመርጡት። ሲሞቅዎ ታበርዳለች፣ ሲበርድዎ ታሞቃለች።»

«እኔ ጋ የሚመርጠው አላህ ነው። መስኮት ስለሌለኝ አልከራከረውም።»

«ወደ ኋላ ስትሄድ የኋላውን በቴሌቪዥን ታሳያለች፣ ወላሂ!»

«የፊቱን ካየች አይበቃትም?»

እንድሪስ ግን አልሳቀም። የሽማግሌውን ኮፈን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና ወደ ሙሀይሚን ዞረ። «ይህን ቆርቆሮ ለምን የዶሮ ቤት አታደርጉትም?»

«ችግር የለም» አለ ሙሀይሚን። «የዶሮ ቤት ቢሆንም አውራ ዶሮ ያድርበታል። ያንተዋ ግን እንቁላል ጣይ ነው የምትመስለው።»

ዋሲላ በአፏ ሻርፗን ነክሳ ሳቀች። በኋላ፣ ብዙ ዘመን፣ ያቺን ሳቅ ከአፏ መልሳ ብትውጣት በወደደች።

ሙሽራዋ በነጯ ገባች፤ ባድሩም ከእንድሪስ ጎን ተቀመጠ። ጠሃ ሽማግሌውን ያለ ሙሽራ፣ ጋቢናው ውስጥ ሙሀይሚንንና ዋሲላን፣ ከኋላ አግዳሚው ላይ ደግሞ የልጁን ባልንጀራ ደሳለኝንና ከበሮ መቺዎቹን ጭኖ ተከተለ። ከመንደሩ እስከ ውጫሌ ያለው መንገድ ድንጋይና አፈር ነው። ከሰርጉ ቤት ብዙም ሳይርቁ መስኖ የሚያጠጣ ወንዝ መንገዱን ያቋርጠዋል። ነጯ ቀስ ብላ ገባች፣ መሀል ላይ ስትደርስ ጎማዋ ተሽከረከረ፣ ጭቃ ተፋች፣ ሆዷ እስኪነካ ሰመጠች። እንድሪስ ቤንዚን ሲረግጥ የባሰ ገባች።

ጠሃ ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ገመድ ይጥል ነበር። ክላክሱን ደጋግሞ ነፋና በማዶ በኩል ዞሮ፣ ወንዙን በድንጋያማው መሻገሪያ አንቦራጭቆ፣ ከነጯ ፊት ሄዶ ቆመ። ሙሀይሚን ሱሪውን ጠቅልሎ ወረደና ገመዱን አሰረ። ሴቶቹ ከዳር ቆመው ያን ጊዜውኑ ግጥም አወጡ፦

*ነጭ ርግብ መጣች አሉ ካዲስ አበባ፣*
*ሽማግሌው ሳባት ጭቃ ውስጥ ስትገባ።*

ሽማግሌው አጓራ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ ነጯ እንደ ሰነፍ በግ እየተጎተተች ወደ ዳሩ ጭቃ ወጣች። ሙሀይሚን በጠቆረው መስታወት አጠገብ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጮኸ። «እንድሪስ! በቴሌቪዥኑ እታያለሁ ወይ?»

ይቺ ቃል ነች የጨረሰችው። እንድሪስ በሩን በርግዶ ወጣ፣ አዲሱ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ፣ የሰዉ ሳቅ ከሁለቱም ዳር ወረደበት። ሙሀይሚንን በጥፊ መታው። ሙሀይሚን በቡጢ መለሰለት። መነጽሩ ወደቀ። እንድሪስ ክላሹን ከትከሻው አውርዶ በሰደፉ አፉን ሲለው ዋሲላ የጥርስ ስብራት በጆሮዋ ሰማች፤ ሙሀይሚን ደም የቀላቀለ ምራቅ ተፋና በሁለት እጁ ደረቱን ገፍቶ ጭቃው ላይ አንጋለለው። ከላዩ ወጥቶ ፊቱን ጭቃ ውስጥ ደፈቀው። ደሳለኝ ከሽማግሌው ዘሎ ሊገላግል ሲሮጥ ጥይቱ ጮኸ።

ሙሀይሚን ቁጭ ብሎ ጭኑን አየ። ከብሽሽቱ ዝቅ ብሎ ሱሪው ተበስቷል። ደሙ በአንድ ጊዜ፣ እንደ ተበጠሰ ቧንቧ፣ ተፈናጠረና የእንድሪስን ፊት አለበሰው።

«መታኸኝ እኮ» አለው፣ እንደ መገረም ብሎ።

ከዚያ ኡኡታ ሆነ። ዋሲላ ወንዙ ውስጥ ወድቃ ተነስታ ደረሰች፣ ሻርፗን ከራሷ ገፍፋ ከቁስሉ በላይ አሰረችው፣ ደሳለኝ በጉልበቱ ተጭኖ አጠበቀላት። ባድሩ ከነጯ ወርዶ የልጁን ፊት በጡጫ ደጋግሞ አፈረሰው፣ ክላሹን ነጥቆ ወንዝ ውስጥ ጣለው። እንድሪስ በአራት እግሩ ዳኸ፣ ከዚያ ተነስቶ በማሽላው መሀል ወደ ተራራው ሮጠ። ሙሽራዋ በነጯ ውስጥ ብቻዋን ተዘግታ መስታወቱን ትደበድባለች።

ሙሀይሚንን በሽማግሌው ላይ ጫኑት። አግዳሚው ረጅም ስለሆነ እንዳለ ተዘረጋ። ያን መንገድ፣ ያን ድንጋይ፣ ከሽማግሌው በቀር በፍጥነት የሚወርደው አልነበረም፤ ጠሃም እንደዚያ ነድቶ አያውቅም። ዋሲላ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የባሏን ራስ ይዛለች። ደሙ በወለሉ ዝገት ቀዳዳ እየተንቆረቆረ መንገዱ ላይ ሲቀር ታየዋለች።

«አብሽሪ ዋሲ» ይላታል እሱ። ጥርሱ ስለተሰበረ ቃሉ ያፏጫል። «አብሽሪ፣ ጭን ነው፣ ጭን ምን ይሆናል።»

ውጫሌ ጤና ጣቢያ ነርሷ ቁስሉን በጨርቅ ሞልታ አሰረችውና ቀና አለች። «ትልቁ የደም ሥር ነው። እኛ ጋ አይቆምም። አምቡላንሷ ወላድ ይዛ ደሴ ሄዳለች። ሐይቅ ከተማ አድርሱት፣ ሆስፒታል፣ አሁኑኑ። ፈጣን መኪና አላችሁ?»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ነጯ በር ላይ ቆማለች፤ መምጣቷን ማንም አልሰማም። ባድሩ ሙሽራዋን ከዘመዶቿ ጋር ትቶ፣ ራሱ መሪ ይዞ ተከትሏቸው ነበር። የኋላ መቀመጫዋን አጥፎ አልጋ አድርጎታል፣ የሰርጉን ጋቢ አንጥፎበታል።

«አያ ጠሃ» አለ። «ከዚህ በኋላ አስፋልት ነው። እኔ ልውሰደው።»

«ከመንገዴ ውጣ።»

«አባባ» አለች ዋሲላ፣ «አስፋልት ላይ ነጯ ትፈጥናለች፣ ለአላህ ብለው...»

«ዝም በይ!» ጠሃ ማኖቬላዋን ይዟል። ዓይኑ ደም መስሏል። «በእኔና በዚህ ሰውዬ መሀል ደም ገብቷል። ከእንግዲህ እሳት አንጫጫርም። ከአንድ ምንጭ አንቀዳም። ሸሁና ቄሱ ተቀምጠው ደሙን እስኪያደርቁ ጥላው ጥላዬን አይነካም። የልጄን ደም ያፈሰሰ ቤት ልጄን አይጭንም! አባቶቼ ያቆዩልኝ ሕግ ነው።»

ደሳለኝ በደም የተለወሰ እጁን ዘረጋ። «አያ ጠሃ፣ ያ ሕግ ሰው ሲሞት ነው። ሙሀይሚን እኮ አልሞተም!»

«ከሥጋው የወጣው ውሃ ነው ታዲያ?»

ሕጉን ሁሉም ያውቁታል፣ ዋሲላም በሕጉ አድጋለች፤ ከደመኛው ቤት ውሃ ጠጥቶ ሆዱ ተነፍቶ የሞተ ሰው ታሪክ ስትሰማ ኖራለች። ሽማግሌው እንደገና በማኖቬላ ተነሳ። እንደገና ቢስሚላህ፣ እንደገና ስድብ።

አስፋልቱ ላይ ሽማግሌው ሁሉን ነገር አሰማ እንጂ አልሄደም። ባጃጆች አለፉት። የጭነት መኪና አለፈው። ነጯ ከኋላ ናት፤ ትቀርባለች፣ መብራቷን ታበራለች፣ ክላክስ ትነፋለች። ዋሲላ በሞተሩ ጩኸት የባሏን ትንፋሽ መስማት ስላቃታት መዳፏን አፉ ላይ አድርጋ ነበር የምትሰማው። ከናፍሩ ነጭ ሆኗል። «ይበርደኛል» እንዳለ ከከንፈሩ አነበበች። መስኮት በሌለው በር ነፋሱ ይገባል።

ሐይቅ ከመድረሱ በፊት ባለው ዳገት መሀል ሽማግሌው ትኩስ እንፋሎት ተፋና ቆመ።

ጠሃ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ የራዲያተሩን ክዳን በባዶ እጁ ያዘው። የፈላ ውሃ ፊቱ ላይ ተነሳ። አልጮኸም። የተላጠ እጁን እያየ «ውሃ! ውሃ አምጡ!» ይላል፤ በዙሪያው ውሃ የለም።

ነጯ ከኋላቸው ቆመች። ባድሩ ወረደ። ጫማውን አወለቀ፣ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ ተሸከመ፣ እንዲያ ጎብጦ መጥቶ ከጠሃ እግር ሥር ተደፋ። እንዲህ የመጣ ሰው አይመታም፤ ይህም ሕግ ነው። ጠሃ ግን ለአንዱ ሕግ ሲል ሌላውን ረሳ። ማኖቬላዋን አነሳና በትከሻው ላይ አሳረፈበት። አጥንት ተሰበረ።

«ይምቱኝ» አለ ባድሩ አፈር ላይ እንደተደፋ። «ይምቱኝ፣ ልጁን ይስጡኝ።»

ጠሃ መታው። ጀርባውን መታው፣ ክንዱን መታው። በእያንዳንዱ ምት «አንድያ ልጄን! አንድያ ልጄን!» ይላል። ባድሩም በእያንዳንዱ ምት «ይምቱኝ፣ ልጁን ይስጡኝ» ይላል። ብረቱ ሲወጣ ሲወርድ ደሳለኝ ከኋላው ሊይዘው ሞከረ፣ በክርኑ አፍንጫውን አለውና ጣለው።

ዋሲላ ከሽማግሌው ወረደች። ከባድሩ ማጅራት ላይ የተንከባለለውን ድንጋይ በሁለት እጇ አነሳችው። አማቿ ነው። አንድ ቀን እንኳ ዓይኑን ቀና ብላ አይታው አታውቅም፣ እግሩን ታጥብለት ነበር። ደንጊያውን ከወገቧ ጀምራ አወዛወዘችና ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፈችው።

ጠሃ በጉልበቱ ወደቀ፣ ከዚያ በጎኑ። ደም በጺሙ ላይ ወረደ።

«ና!» አለች ደሳለኝን። «የሙሀይሚንን እግር ያዘው!»

ሲያነሱት ሙሀይሚን አቃሰተ። «ዋሲ» አለ። ደሳለኝም ሰማ። በነጯ ውስጥ በጋቢው ላይ አስተኙት፣ ባድሩ አንድ ክንዱ እንደ ጨርቅ እንደተንጠለጠለ መሪውን በሌላው ያዘ። ደሳለኝ ከወደቀው ከጠሃ ጋር ቀረ።

በሩ ሲዘጋ ዓለም ሁሉ ዝም አለ። ዋሲላ እንዲህ ያለ ዝምታ አታውቅም ነበር። ነፋስ የለም፣ ንዝረት የለም። ዛፎቹ በመስታወቱ ማዶ ወደ ኋላ ይበራሉ፣ መኪናዋ ግን የቆመች ትመስላለች። የሚሰማው መኪናዋ ቀበቶ እሰሩ እያለች የምትደውላት ትንሽ ደወል ብቻ ናት፤ ቲን፣ ቲን፣ ቲን። በደወሏና በደወሏ መሀል የባሏን ትንፋሽ ሰማች። ከቆሰለ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮዋ ሰማችው። አጭር ነበር፣ እየተጎተተ ይገባል፣ ሳይጨርስ ይወጣል። ራሷን ደረቱ ላይ አደረገች።

«ቀበቶውን እሰሪለት፣ ይህ ነገር ዝም ይበል» አለ ባድሩ እያለቀሰ።

«ይተዉት፣ ይንዱ!»

ከጉብታው ሲወርዱ ሐይቁ ፊት ለፊት ታየ፤ ውሃው፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎችም ከውሃው ዳር። ቲን አለች ደወሏ። ዋሲላ ጠበቀች። ቲን አለች። ጠበቀች። ቲን።

«እንዴት ነው?» አለ ባድሩ።

«ይተነፍሳል» አለች። «ይንዱ!»

እሱም ነዳ። የሰው አጥር ጥሶ፣ ፍየል ገጭቶ፣ በተሰበረ ትከሻው ሕመም እየጮኸ ነዳ። እስከ ሆስፒታሉ ግቢ ድረስ ዋሲላ ራሷን ከባሏ ደረት አላነሳችም። ነጭ የለበሱ ሰዎች መጥተው አነሷት። አንዱ የሙሀይሚንን አንገት ነካ፣ ዓይኑን ገልጦ አየ፣ መልሶ ዘጋው።

ባድሩ ከነጯ ጎማ ሥር ቁጭ አለ። ፊቱ አፈር ለብሷል፣ እጁ በልዟል።

«ይሽሹ» አለችው ዋሲላ። «ይመጣል። ይገድልዎታል።»

«የት ልሂድ ልጄ?»

ያን ጊዜ ድምፁ ተሰማ። ከከተማው መግቢያ፣ እንደ ወፍጮ ቤት፣ እየጨመረ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ሽማግሌው በሩን አልፎ ገባና ቆመ። ጠሃ ወረደ። ግማሽ ፊቱ ተቃጥሏል፣ ግማሹ ደም ነው። ማኖቬላዋ በእጁ ናት። ደሳለኝ ለራዲያተሩ ውሃ የለመነበትን ባዶ ጀሪካን ይዞ ከኋላው ይከተላል።

ጠሃ በነጯ ክፍት በር ተመለከተ። ልጁ በሰርግ ጋቢ ላይ ተኝቷል። ከዚያ ወደ ባድሩ ዞረ፣ ብረቱን በሁለት እጁ ያዘው፣ ድምፁ ግን የተናገረው ለዋሲላ ነበር።

«በማን መኪና ሞተ?»

ዋሲላ አየችው። እውነቱን ብትናገር ምን እንደሚሆን ታያት። የጠላት መኪና ልጄን ጨረሰው ይላል፤ የባድሩ ጭንቅላት እዚያው ይፈርሳል፣ ከዚያ የባድሩ ወንድሞች፣ ከዚያ የእነሱ ልጆች፣ ከዚያ የገበያው መንገድ ሁሉ። በሆዷ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ቁጣዋ፣ ዳገቱ ላይ የቀረው ጊዜ። የትኛው እንደተናገረ እሷም አላወቀችም።

«በሽማግሌው» አለች። «ዳገቱ ላይ። እርስዎ ባድሩን ሲደበድቡ። እኔ ያወጣሁት ሬሳ ነው፤ ማመን ስላቃተኝ ነው የጫንኩት።»

ጠሃ ቀስ ብሎ ወደ ደሳለኝ ዞረ። «አንተ አብረሃት ነበርክ። እውነቷን ነው?»

ደሳለኝ ዋሲላን አየ። ሙሀይሚን «ዋሲ» ያለበትን ድምፅ ሁለቱም በልባቸው እንደገና ሰሙት። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«እውነቷን ነው አያ ጠሃ። ቀዝቅዞ ነበር።»

የጠሃ እጅ ተከፈተ፣ ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ጮኸ። የልጁን እግር ያዘና እዚያው በጉልበቱ ተደፋ።

ሸሁና ቄሱ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ለደሙ በተቀመጡ ጊዜ እንድሪስ በእስር ላይ ነበር። የባድሩ ዘመዶች ኮርማ ነድተው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው መጡ። ጠሃ ቆመና «እኔ የምጠይቀው ደም የለኝም» አለ። ሰዎች ትልቅነቱን አደነቁ፣ በዱዓ ላይም ስሙን አነሱት። ዋሲላ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠሃ ሽማግሌውን አላስነሳውም። ሙሽሮቹ በነጯ መሄድ ለመዱ፤ ባድሩ በአንድ ክንዱ ይነዳቸዋል።

ዋሲላ ወደ እናቷ ቤት አልተመለሰችም። አማቿን ስታጥብና ስታበላ ቀረች። የደንጊያውን ነገር አንድ ቀን እንኳ አላነሳባትም። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሲታመም፣ እስትንፋሱ ሲያጥር፣ አጠገቡ እንድትቀመጥ በእጁ ጠራት። የባድሩ የልጅ ልጆች ከአጥሩ ማዶ ኳስ ይጫወታሉ፤ ጩኸታቸው ይገባል።

«ልጄ» አለ። «አንድ ነገር ንገሪኝ። ያን ጊዜ፣ ከእኔ መኪና ስታወጪው፣ ትንሽ እንኳ... ትንሽ እንኳ አልተነፈሰም?»

ዋሲላ እጁን ይዛለች። የተቃጠለው ቆዳ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። አንዲት ቃል ብትለው ይቀለው ነበር። ነገር ግን በጓዳው የእህቱ ልጆች ተቀምጠዋል፤ ጎረምሶች ናቸው፣ እያንዳንዱ ክላሽ አለው፣ ጆሯቸውም ክፍት ነው።

«አልተነፈሰም አባባ» አለች።

«እሺ» አለ። እጁን ከእጇ ቀስ አድርጎ አወጣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።